«ኮር ስንት ነው?»

ደብረ ማርቆስ ላይ ኮምፒውተር ልግዛ ብላችሁ ሱቅ ብትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት ጥያቄ «ኮር ስንት ነው የምትፈልጉት?» የሚል ነው። እኔም ለዓመታት የማውቀው ይህንኑ ነበር። የኮምፒውተሩ አንጎል የሆነው የኢንቴል ፕሮሰሰር አይ3 ከሆነ ደካማ፣ አይ5 ደህና፣ አይ7 ጎበዝ። ለቤታችን ዴስክቶፕ ልገጥም ስነሳ ግን ይህ እውቀት ገንዘብም ጊዜም አስከፈለኝ።

ነገሩ የተጀመረው በአጎቴ ነው። የቅኔ መምህር ናቸው፣ ዲማ ጊዮርጊስ የተማሩ። ዕድሜያቸው እየገፋ ስለሆነ ድምፃቸውም መልካቸውም ይቀመጥልን ብዬ፣ ሲቀኙ በስልኬ መቅረጽ ጀመርኩ። ቤት ስመለስ ቪዲዮውን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጬ ስከፍተው ድምፁ ይሄዳል፣ ምስሉ ግን ይቆማል። ጉባኤ ቃና የምትባለው ቅኔ ሁለት ቤት ብቻ ናት። እሷን እንኳ ሳይንተፋተፍ አይጨርስም።

የነበረን ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ አይ3-2100 ነው። ባለቤቴ የሱቅ ሒሳብ በፒችትሪ ትሠራበታለች። ልጃችን ታጠናበታለች። እኔ የፈተና ወረቀት አዘጋጅበታለሁ። ለዚህ ሁሉ እያዘገመም ቢሆን ይበቃን ነበር። የአጎቴ ቪዲዮ ላይ ግን እጅ ሰጠ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ አይ7 መግዛት ነበር። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ አይ7-2600 ያለው ኮምፒውተር በጥሩ ዋጋ አገኘሁ። ልከፍል ስል ፍላሼ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ትዝ አለኝ። «እስቲ ይህን ክፈትልኝ» አልኩት ልጁን። ከፈተው። ያው ነው፤ ድምፁ ይሄዳል፣ ምስሉ ይቆማል። ታስክ ማናጀሩን ሲከፍትልኝ ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ላይ ደርሶ ነበር። አመስግኜ ወጣሁ። ያቺ ፍላሽ ከብዙ ኪሳራ አዳነችኝ። እናንተም የምትሠሩበትን ነገር፣ ፎቶም ይሁን ቪዲዮ ወይም የሒሳብ ፋይል፣ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስከፍቱት።

ምክንያቱን ቆይቼ ተረዳሁት። የአሁን ስልኮች ብዙዎቹ ጥራት ያለውን ቪዲዮ የሚያስቀምጡት ኤች 265 በሚባል ዘዴ አምቀው ነው። ቦታ ይቆጥባል፤ ለመፍታት ግን ጉልበት ይፈልጋል፣ በተለይ በ4ኬ የተቀረጸ ከሆነ። አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ለዚህ ሥራ ብቻ የተመደበ ክፍል አለ። በፈረንጆቹ 2011 የወጣው አይ7-2600 ያ ክፍል ስለሌለው ሁሉንም በራሱ ኮሮች፣ ማለትም ማንኛውንም ሥራ በሚሠሩት ክፍሎቹ፣ ይሸከማል።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከ«አይ» ቀጥሎ ካለው ቁጥር አንስቼ ከሰረዙ በኋላ ወዳለው አዞርኩ። 2600 ሲል 2 ጀነሬሽኑ፣ ማለትም ትውልዱ ነው። 8400 ሲል 8ኛ፣ 12100 ሲል 12ኛ ጀነሬሽን። አይ7-2600 እና አይ3-12100 ሁለቱም 4 ኮርና 8 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚያስኬዱት የሥራ መስመር) አላቸው። በመካከላቸው ግን 11 ዓመት አለ። በኃይል ፍጆታ አሮጌው 95 ዋት ተብሎ የተመዘገበ ነው፤ አዲሱ መነሻው 60 ዋት ነው። የሁለቱም የኮር ቁጥር አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ አይ3 የተባለው አይ7 የተባለውን በሰፊው ይበልጠዋል።

ይህን ካወቅሁ በኋላም ተሳሳትኩ። ዋናው ስህተቴም ይኸኛው ነው።

ያገለገለ አይ5-8400 አገኘሁ። 6 ኮር ያለው፣ 8ኛ ጀነሬሽን፣ ዊንዶውስ 11 የሚቀበለው። ከሌላ ሰው ደግሞ ኤች 110 የሚባል ማዘርቦርድ፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ፣ በርካሽ ገዛሁ። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት 1151፣ የቦርዱም ሶኬት 1151። ሻጩ «ይገጥማል» አለኝ። እውነትም ልክክ ብሎ ገጠመ። ፓወር ስሰጠው ፋኑ ዞረ። ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ።

ሁለት ቀን ለፋሁ። ራሙን አወጣሁ፣ ወርቃማ ጥርሶቹን በልጄ ላጲስ ፈተግኩ፣ መልሼ ሰካሁ። ሌላ ራም ተዋስኩ። ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩ። በሦስተኛው ቀን ተሸክሜ ወደ አንድ ወጣት ጠጋኝ ወሰድኩት። ገና ክዳኑን ከፍቶ የቦርዱን ስም ሲያነብ «መምህር፣ ይሄኮ ስድስተኛና ሰባተኛ ጀነሬሽን ብቻ ነው የሚያነሳው» አለኝ። ሶኬቱ አንድ ቢሆንም ቺፕሴቱ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከሌላው ዕቃ ጋር የሚያገናኘው የቦርዱ ክፍል፣ አይቀበለውም። 8ኛ ጀነሬሽን ኤች 310 ወይም ቢ 360 ዓይነት ቦርድ ይፈልጋል። ሻጩን ብጠይቀው የተሸጠ አይመለስም አለኝ። ፕሮሰሰሩንም ቦርዱንም ከገዛሁበት በታች ሸጥኩ።

አጥብቄ የምለው ይህን ነው። ሶኬቱ ስለገጠመ ብቻ አትመኑ። ብር ከመክፈላችሁ በፊት የማዘርቦርዱን ሙሉ ስም ጻፉና በአምራቹ ገጽ ላይ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር እዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከመሸጤ በፊት ለዚያ ቦርድ 6ኛ ጀነሬሽን ፈልጌ ልገላገል አስቤ ነበር። ግን ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 መደበኛ ድጋፉ አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ነው የሚጠይቀው። ባለቤቴ የሰው ገንዘብ የምትመዘግብበትን ኮምፒውተር የደህንነት ማሻሻያ በሌለው ዊንዶውስ ላይ መተው አልፈለግሁም።

በመጨረሻ ሁለት ምርጫ ቀረኝ። የኤኤምዲው ራይዘን 5 5600ጂ ወይም የኢንቴሉ አይ3-12100። ራይዘኑ 6 ኮርና 12 ትሬድ አለው፤ ውስጡ ያለው ግራፊክስም (ምስል የሚያወጣው ክፍል) ይበረታል። ልጅዎ ጌም የሚወድ ከሆነና ለብቻው ግራፊክስ ካርድ መግዛት ካልቻሉ እሱን ይውሰዱ። እኛ ቤት ግን ጌም የለም። ፒችትሪውም ሆነ ወርዱ የሚፈልገው የአንዱን ኮር ፍጥነት ነው፤ በዚያ 12100 ይሻላል። አዲሱን ኤቪ 1 የሚባለውን የቪዲዮ ዓይነትም ያለ ድካም ይፈታል። ይህ ዓይነት በእኩል ጥራት ያነሰ ዳታ ስለሚፈጅ በሞባይል ዳታ ለሚያይ ቤት ትርጉም አለው። ከቦርዱ ጋር ተደምሮ ለኔ የረከሰኝም እሱ ነበር። ዋጋውን ግን አልጽፍም። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ አያገለግልም።

ዕቃውን አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ገዛችልኝ። 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ ዓባይን ተሻግሮ። መንገዱ ሲዘጋጋ ዕቃ ሳምንት ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ስለዚህ ተሳስቶ መመለስ የሚባል ነገር አይታሰብም። ሱቁ ውስጥ ሆና ደወለችልኝ። «መጨረሻው ላይ ፊደል አለ?» አልኳት። «ኤፍ ይላል» አለችኝ። «እሱን መልሺው፣ ፊደል የሌለውን በይው።» ኤፍ ያለበት ውስጡ ግራፊክስ የለውም። ለብቻው ካርድ ካልገዙለት ስክሪን ላይ ምንም አያሳይም። ሻጩ ርካሹን ማቅረቡ ክፋት ላይሆን ይችላል፤ ለኛ ግን ሁለተኛው ጥቁር ስክሪን ይሆን ነበር።

ቦርዱ ኤች 610፣ ዲዲአር 4 የሚወስደው ነው። ራሙን በአንድ 16 ጊጋ ፋንታ ሁለት 8 ጊጋ አደረግሁት። ግራፊክሱ የሚበላው ከዚሁ ራም ስለሆነ በሁለት መስመር ሲሆን ይፈጥናል። 500 ጊጋ ኤስኤስዲ ጨመርኩ። ኬዙና ስክሪኑ የድሮው ነው።

የገጠምነው ማታ ነው፣ መብራት ጠፍቶ። ልጄ የስልክ መብራት ይዛልኛለች። የቦርዱ ሶኬት ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ፒኖች ተደርድረዋል፤ አንዱ ቢጎብጥ ቦርዱ ሊበላሽ ይችላል። ፕሮሰሰሩን ጠርዙን ብቻ ይዤ፣ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከሶኬቱ ምልክት ጋር አስተያይቼ፣ ሳልጫነው አስቀመጥኩት። ማሰሪያውን ስጫን ጠንከር ይላል፣ ያስፈራል፤ ግን ደንቡ ነው። ፋኑ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት ታችኛው ፊቱ ላይ ተቀብቶ ነው የሚመጣው። አራቱን እግሮች በሰያፍ እየተጫንኩ አስገባሁ። አራተኛው «ቀጭ» ሲል ልጄ «ገባ!» አለች።

መብራቱ ሲመጣ ስክሪኑ በራ። መጀመሪያ የከፈትኩት የአጎቴን ቪዲዮ ነው። ምስሉ እንደ ውኃ ፈሰሰ፤ ፕሮሰሰሩ ከ10 በመቶ በታች ነበር። አሁን መብራት ሲቋረጥ ዩፒኤሱ ሩብ ሰዓት ያህል ይይዘናል፤ ባለቤቴ ሒሳቧን አስቀምጣ በሰላም ትዘጋለች።

አጎቴ ለፋሲካ ሊጠይቁን መጡ። ወንበር ስቤላቸው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡና ራሳቸውን አዩ። ጉባኤ ቃናዋ እስክታልቅ ዝም አሉ። ከዚያ በመቋሚያቸው ወደ ስክሪኑ እያመለከቱ «እዚህ ላይ ዜማውን ስቻለሁ። ነገ እንደገና ቅረጸኝ» አሉኝ።