ከ11,500 ብር ላይ ስንት ይተርፋል?

የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ ዲፓርትመንት ልትመርጥ ነው። ፍላጎቷ ከልጆችና ከቤተሰብ ጋር መሥራት ነው። አሜሪካ ያለችው የአክስቷ ልጅ ሂዩማን ዴቨሎፕመንት የሚባል፣ የሰው ልጅን ዕድገት የሚያጠና ዲግሪ ስለምትማር ልቧ ወደዚያው ሸፍቷል። እኛ ጋ ለዚህ የሚቀርበው ሳይኮሎጂ ወይም ሶሻል ወርክ ነው። ዘመድ አዝማዱ ግን «እሱን ተምራ ምን ልትበላ ነው?» እያለ መግቢያ መውጫ አሳጥቷታል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ማንም ቁጭ ብሎ ሳያሰላ መፍረዱ ነው።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያለው ዕዳ ኮስት ሼሪንግ (ወጪ መጋራት) ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ካፌ በላ፣ ነን ካፌ ሆኖ ብሩን ተቀበለ፣ ሁለቱም ይቆጠርበታል። ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል።

አሁን ሂሳቡን እንየው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በመንግሥት ቤት የዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በአዲሱ የገቢ ግብር ስሌት 2,100 ብር ለግብር ይሄዳል። ጡረታ 7 በመቶ ነው፣ 805 ብር። ኮስት ሼሪንጉ 1,150። እጇ ላይ የሚደርሰው 7,445 ብር ነው። ጠቅላላ ዕዳዋ ለምሳሌ 40,000 ብር ቢሆን በ35 ወር፣ ማለትም ሦስት ዓመት ሳይሞላ ያልቃል። 7,445 ብር ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት ተከራይቶ፣ አስቤዛ ገዝቶ፣ ለእናት ቡና መግዣ ለመላክ በጣም ጠባብ ነው። ግን ኑሮዋን የሚያጠበው ከዕዳው ይልቅ ደመወዙ ራሱ መሆኑን ልብ በሉ። ዕዳው ባይኖርም 8,595 ብር ነበር።

የአክስቷ ልጅ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። አሜሪካ በወላጆቹ የሚደገፍ የዲግሪ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት በአራት ዓመት እስከ 27,000 ዶላር ሊበደር ይችላል። ለምሳሌ በ6.5 በመቶ ወለድ፣ በ10 ዓመት እኩል ወርሃዊ ክፍያ ቢከፈል፣ በየወሩ 307 ዶላር ገደማ ይመጣል። ደመወዙ ጥሩም ሆነ ደካማ በዚህ አከፋፈል ክፍያው ያው ነው። ስለዚህ እዚያ «ጠቅላላ ዕዳህ ከመጀመሪያ ዓመት ደመወዝህ አይብለጥ» ተብሎ ይመከራል። መንግሥታቸውም የየኮሌጁን የየትምህርት ዘርፉን ተመራቂ ገቢና ዕዳ በይፋ ያወጣል። እነሱ ጋ ሂዩማን ዴቨሎፕመንት ልማር ወይስ ይቅር ብሎ መጨነቅ ትክክል ነው። የእነሱን ጭንቀት ግን እንዳለ አምጥተን ልጃችን ላይ መጫን የለብንም።

እኛን የሚያሰጋን ሌላ ዕዳ ነው። አባቷ ማቻከል ገበሬ ነው። ዘመዶቹ «አካውንቲንግ ይሻላል» ብለው ስለጨቀጨቁት፣ ከዩኒቨርሲቲ አስወጥቶ ከተማ የግል ኮሌጅ ሊያስገባት አስቦ ነበር። ክፍያውን ከምን ልታመጣ ነው ስለው «አንዱን በሬ እሸጣለሁ፤ የቀረውን ከቁጠባ ማህበሩ እበደራለሁ» አለኝ። ለክረምቱስ? ትንሽ ዝም አለና «ከጎረቤት ጋር እቀናጃለሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ፣ ወንድም ዓለም» አለ። መቀናጀት ማለት ዝናቡ ሲመጣ ተራ ጠብቆ ማረስ ነው። ተራው ካልደረሰ ጤፉ ከጊዜው ያልፋል። የቁጠባ ማህበሩ ብድር ደግሞ ልጅቷ ሥራ አገኘችም አላገኘችም ወለድ ይቆጥራል። ኮስት ሼሪንግ ቢያንስ ደመወዝ እስኪኖር ይጠብቃል። አካውንቲንግ ተምራ ባንክ ከገባች የተሻለ ልታገኝ ትችላለች፣ አልክድም። መንግሥት ቤት ከገባች ግን የጀማሪ ደመወዟ ያው 11,500 ነው። በሬ አሽጦ የሚያስገባ ልዩነት አይታየኝም።

ሶሻል ወርክም ሳይኮሎጂም ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። እዚህ ጎጃም ግጭቱ ከጀመረ ወዲህ ከትምህርት ገበታ የራቀው ልጅ ብዛት ልብ ይሰብራል። ልጅን ቀርቦ የሚያናግር ባለሙያ በየወረዳው ያስፈልገናል። ግን ማስፈለጉና የሥራ መደብ መከፈቱ ለየቅል ናቸው። የሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ አለ፣ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ መደቡ ግን ጥቂት ነው። የተሻለ ይከፍል የነበረው ኤንጂኦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ብዙ ፕሮጀክት ተዘግቶ ሠራተኞቹ ተበተኑ። በእኛ አቆጣጠር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። እሱን ያላለፈ ዲግሪ የለውም፤ የበላበትና ያደረበት ዕዳ ግን ይቆያል። ለእኔ ከዲፓርትመንቱ ስም ይልቅ እዚህ ላይ ነው መፍራት ያለባት።

ስለዚህ ሶሻል ወርክን አንደኛ አድርጋ ትሙላ ባይ ነኝ። አባቷም በሬውን አይሽጥ። በየዓመቱ የምትፈርመውን የኮስት ሼሪንግ ውል ኮፒ ትያዝ፣ ምክንያቱም ክሊራንስ (ዕዳ የለባትም የሚል ማስረጃ) ሲጠየቅ ያልጠበቀችው ቁጥር ቢመጣባት የምታሳየው ወረቀት ያስፈልጋታል። ክረምት ክረምት ወረዳው ላይ በነፃም ቢሆን እየገባች ትሥራ፣ ሰው ይወቃት።

ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ዳንግላ ያላችሁ የሳይኮሎጂና የሶሻል ወርክ ተመራቂዎች፣ ተመርቃችሁ በስንት ወራችሁ ተቀጠራችሁ? ተቆራርጦ እጃችሁ የሚገባውስ ስንት ነው? ጻፉልኝ፣ ምርጫዋን ሳትሞላ አነብላታለሁ።