እትዬ፣ አግዳሚው አይፈለጥ

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. ዘመነ ማርቆስ አደረሳችሁ! ደብረ ማርቆስ ላላችሁም፣ መንገድ ተዘግቶባችሁ ሞጣም ቢቸናም ቡሬም ለቀራችሁም፣ ዘመድ ከዘመዱ የሚገናኝበት የሰላም ዓመት ያድርግልን።

የዘንድሮው መልእክቴ ግን ለአንዲት እናት ያደላል። እትዬ፣ ጋሼ በፍልሰታ ካረፉ ወዲህ ደጅዎ ያለውን አግዳሚ ወንበር «እግሩ በስብሷል፣ ለማገዶ ይፈለጥ» ማለትዎን ሰማሁ። እባክዎ አይፈለጥ። ዋንዛ ነው፤ የተበላሸው አንድ እግርና ሁለት ጣውላ ብቻ ነው።

የሰፈር ልጆች፣ እናንተ ትሠሩታላችሁ፤ አናጢ መሆን አያስፈልግም። ዛሬ ግን መዶሻ አታንሱ። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የጠጣ እንጨት አብጧል፤ አሁን የተገጠመው ሲደርቅ ይላላል፣ ኮላም አይዝለትም። ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ሥር፣ ድንጋይ ላይ አቁሙት። ፀሐይ ላይ ከወጣ ይሰነጠቃል። እስከ መስከረም 12 እንዲያ ይቆይ፤ ለመስቀል ይደርሳል።

ከዚያ በቢላ ጫፍ እየወጋችሁ ፈትሹት። ቢላው ያለ ጉልበት የሰመጠበት ቦታ በስብሷል። እግር መበስበስ የሚጀምረው ከታች ነው፤ የተቆረጠ የእንጨት ጫፍ ውኃን እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይስባል። ስለዚህ የበሰበሰውን ብቻ ሳይሆን ከላዩ 5 ሳንቲሜትር ያህል ጨምራችሁ ቁረጡ። አዲሱን ቁራጭ አፍ ለአፍ አትቀጥሉት፤ ሰው ሲቀመጥበት ይወልቃል። ከአሮጌውም ከአዲሱም ግማሽ ውፍረት በመጋዝና በመሮ አንስታችሁ ደራርባችሁ ግጠሙ። እግሩ 6 ሳንቲሜትር ከሰፋ መደራረቢያው 18 ይሁን። ውኃ የሚችል ኮላ ቀቡት፣ በሁለት ቡሎን ከነዳዶው አጥብቁት፣ 24 ሰዓት አትንኩት። ተራው ነጭ ኮላ ዝናብ ሲያገኘው ይለቃል፤ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትወስዱት።

ጣውላዎቹን ምስማር አትምቱባቸው። እንጨት ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲኮማተር ምስማሩን ቀስ በቀስ ገፍቶ ያወጣዋል፤ ነጠላ የሚቀደደውም በዚያ ራስ ነው። ለ2 ሳንቲሜትር ጣውላ 5 ሳንቲሜትር ቪት (እየተጠመዘዘ የሚገባ ምስማር) ይበቃል። ቪቱ 4 ሚሊሜትር ከሆነ አስቀድማችሁ በ3 ብሱለት፣ ከጣውላው ጫፍም 3 ሳንቲሜትር ራቁ፤ ያለዚያ ይሰነጥቀዋል። በጣውላዎቹ መካከል ውኃ እንዲወርድ የ7 ሚሊሜትር ክፍተት ተዉ። እርጥብ ባህር ዛፍ ማንም በነፃ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ፤ እዚያው እንዳለ ይጠማዘዛል። ከማጥበቃችሁ በፊት መቀመጫውን ከማዕዘን ማዕዘን በገመድ ለኩ፤ ሁለቱ ልኬት እኩል ካልሆነ አግዳሚው ጠሟል።

ቫርኒሹን ሁለት ጊዜ ቀቡት፤ የእግሮቹን ታች ግን ሦስት ጊዜ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀመጫው ላይ አይደረግም፤ የሰው ልብስ ያበላሻል። ሲያልቅ ከየእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይግባ።

የዋንዛ ቁራጭ ሳትሸጥ የሰጠኸን አናጢው ወንድሜ፣ እጅህን ይባርከው። መጋዝና ትራፓኖህን ለበዓል ሳምንት ያዋስከን ጎረቤቴም፣ ዓመቱን በጤና ያዝልቅህ።

ልጆች፣ አንድ አደራ። የቀኙ ክንድ ማሳረፊያ ጫፉ ላይ በጋሼ መዳፍ ለስልሶ ያብረቀርቃል። እሱን በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኩት፣ ቫርኒሽም አትቀቡት። በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረጉትና ለእትዬ ተዉላቸው።