ንዝንዝና ኩርፊያ

ወደ ምክር ክፍሌ የሚመጡት ጥንዶች አብዛኞቹ አስቀድመው በሽማግሌ ፊት የቀረቡ ናቸው። ስለዚህም ከእኔ የሚጠብቁት ያንኑ የለመዱትን ሥርዓት ነው፤ እሷ በደሏን ትናገራለች፣ እሱ ይመልሳል፣ እኔ ደግሞ ጥፋተኛውን ለይቼ አስታርቃለሁ። («ዶክተር» እያሉ የሚጠሩኝም አሉ፤ ሐኪም አለመሆኔን ብነግራቸውም አይተዉትም።) ሽምግልናን አላቃልልም፤ ብዙ ትዳር ከመፍረስ አድኗል። ነገር ግን ሽማግሌ የሚዳኘው የተጣሉበትን ጉዳይ ሲሆን፣ እኔ የምከታተለው ጠቡ እየዞረ የሚመለስበትን መንገድ ነው።

ይህን አካሄድ የወሰድኩት በስሜት ላይ ከሚያተኩረው የጥንዶች ሕክምና ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካናዳ ውስጥ የቀረጹት ሱ ጆንሰንና ሌስሊ ግሪንበርግ ሲሆኑ፣ ጆንሰን መሠረቱን እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢ ስለ እናትና ሕፃን ትስስር ባስተማረው ላይ አቆመችው። በጆንሰን አስተሳሰብ አዋቂ ሰውም እንደ ሕፃኑ «ብጣራ ትመጣልኛለህ ወይ?» እያለ በሆዱ ይጠይቃል፤ መልሱ ሲያጠራጥረው አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ይሸሻል። እኛ ለሁለቱም ቃል አለን፤ ንዝንዝና ኩርፊያ።

ማንም እንዳይታወቅ የብዙዎችን ታሪክ ቀላቅዬ ስለ አንድ ባልና ሚስት ልንገራችሁ። ሚስቲቱ «አምሽቶ ይገባል፣ ስጠይቀው አፉን ይዘጋል» እያለች ስትናገር፣ ባልየው ዐይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ የመኪና ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክር ነበር። ድምጿ ከፍ ባለ ቁጥር ቁልፉ ይፈጥናል። ስለ ማምሸቱ አልጠየቅሁትም። «አሁን ሰውነትዎ ላይ ምን ይሰማዎታል?» አልኩት። ብዙ ቆይቶ «ደረቴን ያዘኝ» አለ።

አባቱ ሰክሮ እየጮኸ ሲገባ አልጋ ሥር ይደበቅ እንደነበር የነገረን ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ለስምንት ዓመት ንቀት የመሰላት ዝምታ ፍርሃት መሆኑን ያን ዕለት ሰማች። እሷም በበኩሏ እናቷ ለሥራ ዓረብ አገር ሄዳባት፣ በአያቷ ቤት ስልክ እስኪጮኽ ስትጠብቅ ያደገች ናት፤ ዝም ሲላት ያ የማይጮኸው ስልክ ይመጣባታል።

አምስት ሳምንት የፈጀው እኔ ስላላጣደፍኩት ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ አእምሮ ሐኪም ጁዲት ኸርማን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ ከስሜት ስብራት ማገገምን በሦስት ደረጃ ከፍላ አስቀምጣለች፤ መጀመሪያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ የሆነውን ማስታወስና ማዘን፣ በመጨረሻም ከሰው ጋር ዳግም መገናኘት። ቅደም ተከተሉን ያመንኩት ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት ሴት «ሆድ ይፍጀው» ብላ ዘመኗን ሁሉ የያዘችውን በአንድ ሰዓት ውስጥ ዘረገፈችልኝ። እኔም ጥሩ ሠራሁ ብዬ ደስ አለኝ። ተመልሳ አልመጣችም። ቁስሏን ከፍቼ፣ ምን ይዛ እንደምታድር ሳላስብ ነበር ያሰናበትኳት። ዛሬ ታሪኩን ከመጠየቄ በፊት እግርን መሬት ላይ አሳርፎ ትንፋሽን ቀስ ብሎ ማስወጣትን፣ በክፍሉ ውስጥ የሚታዩትን ዕቃዎች ስም መጥራትን እናለማምዳለን፤ ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን ትዝታው ሲያጥለቀልቅ ሰውን ወደ አሁን የሚመልሰው ይኸው ነው።

ይቅር ተባባሉ ብዬም አላዝዝም። ቤት ውስጥ ዱላ ካለ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ አላስቀምጥም፤ የተመታችውን በመቺዋ ፊት «ልብሽን ክፈቺ» ማለት ለሌላ ዱላ ማጋለጥ ነውና፣ አስቀድሞ የሚታሰበው ደኅንነቷ ነው።

ባልየው ዛሬም ዝምታ ይቀናዋል። ልዩነቱ አሁን «ደረቴን ይዞኛል፣ አሥር ደቂቃ ስጪኝ» ብሎ ወደ ግቢው መውጣቱ ነው። እሷ ደግሞ ሰዓቷን እያየች ትጠብቃለች። ባለፈው ስንገናኝ እየሳቀች «አሥራ ሁለት ደቂቃ ሆኖበት ያውቃል እንጂ ቀርቶ አያውቅም» አለችኝ።