የምን ዓሣ ነው?

ስልኩ የጮኸው ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ጠረጴዛዬን አጽድቼ ለመውጣት ስሰናዳ ነበር። የደወለችው በአውሮፕላን ማረፊያው የዱር እንስሳት ውጤቶችን የምትቆጣጠር ሠራተኛ ነበረች።

«ዲክላራሲዮኑ ላይ የሻርክ ቆዳ ብለሃል» አለችኝ። «የምን ሻርክ ነው?»

«ሻርክ ነዋ» አልኳት።

በዓለም ላይ ከ500 በላይ የሻርክ ዝርያዎች እንዳሉ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። እሷ ግን ታውቃለች። ሳጥኑ ከመጋዘን እንደማይወጣ ነግራኝ ስልኩን ዘጋች።

ሥራውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው። ከቦሌ የጭነት ክፍል እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ እየተመላለስኩ በትራንዚተርነት ዓመታት ከቆየሁ በኋላ ሎስ አንጀለስ መጥቼ በአንድ ትንሽ የጉምሩክ አስተላላፊ ድርጅት ተቀጠርኩ። ዲክላራሲዮን፣ ማለትም ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ ማሳወቂያ ቅጽ ስሞላ እጄ አይንቀጠቀጥም። ጉዳት ያመጣብኝም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ዕቃው ዋኪዛሺ ነበር፤ ከካታና አጠር ያለው የጃፓን ጎራዴ። የገዛው ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ሲሆን ሻጩ ቶኪዮ የሚገኝ ጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ ነው። ዘመኑ 17ኛው ክፍለ ዘመን። በጃፓን በ1958 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ጎራዴ በየአውራጃው የትምህርት ቦርድ የተመዘገበበት ካርድ ሊኖረው ይገባል። ከአገር ሲወጣ ካርዱ ይመለሳል፤ በምትኩ የባሕል ጉዳዮች ኤጀንሲ ዕቃው መውጣት ያልተከለከለ ቅርስ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይሰጣል። ነጋዴው ይህን ሁሉ ጨርሶ ነበር የላከው። ማኅተም የበዛበት ወረቀት ሳይ እንደማንኛውም ትራንዚተር ልቤ ይረጋጋል፤ ያኔም ተረጋጋሁ።

የኔ ጭንቀት ታሪፉ ላይ ነበር። ተራ ጎራዴ በታሪፍ ቁጥር 9307 ይመደብና ቀረጥ ይከፈልበታል። ዕድሜው ከ100 ዓመት ካለፈ ግን ወደ 9706 ይሻገርና ከመደበኛው ቀረጥ ነፃ ይሆናል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ከ250 ዓመት በላይ ለሆነው የራሱ ንዑስ ቁጥር ወጥቶለታል። የዕድሜውን ማስረጃ ሳሰባስብ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ በኢንቮይሱ ላይ «ብረት፣ እንጨት፣ ሐር፣ የሻርክ ቆዳ» የሚለውን መስመር እንዳለ ገልብጬ አስገባሁ። ለመገልበጥ የፈጀብኝ አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው።

ሰኞ ጠዋት የድርጅታችን ባለቤት ጋ ገባሁ። ዕድሜያቸው ከአባቴ ጋር የሚቀራረብ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሻርክ መሆኑን በዓይንህ አይተሃል?»

«አላየሁም ጋሼ፤ ኢንቮይሱ ላይ ነው ያለው።»

«ኢንቮይስ ዓይን አለው እንዴ ልጄ?»

ችግሩ ከባድ ነበር። ሳይቲስ የተባለው የዱር እንስሳትና የዕፅዋት ንግድ ስምምነት አባል አገሮች በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ፓናማ ላይ ተሰብስበው ከ50 በላይ ዝርያዎች ያሉትን አንድ ትልቅ የሻርክ ቤተሰብ በሁለተኛው፣ ንግዱ በፈቃድ ብቻ በሚካሄድበት ዝርዝር አስገብተዋል። ውሳኔው ከአንድ ዓመት በኋላ በሥራ ላይ ዋለ፤ የኛ ሳጥን የደረሰው ደግሞ በ2024 ነው። ቆዳው የዚያ ቤተሰብ ከሆነ የሳይቲስ ወረቀት ይፈልጋል። ዕቃው ዝርያው በስምምነቱ ዝርዝር ከመግባቱ በፊት የነበረ ነው የሚል የምስክር ወረቀት አለ፤ ግን የሚሰጠው ላኪው አገር፣ የሚሰጠውም ዕቃው ከመነሳቱ በፊት ነው። ጎራዴው ሦስት መቶ ዓመት መሙላቱን እንደ መከላከያ ስደጋግም የሰማችኝ ተቆጣጣሪ «ዕድሜውን አልጠየቅኩህም» ብላ መለሰችልኝ። ልክ ነበረች። በዚያ ላይ የዱር እንስሳት ውጤት የሚታወጅበትን 3-177 የተባለውን ቅጽ ጭራሹን አልሞላሁም። ሻርክ ብዬ የጻፍኩት ለጉምሩክ ብቻ ነው፤ ራሴን ከሰስኩ ማለት ነው።

ቶኪዮ ጻፍኩ። የነጋዴው ረዳት በማግስቱ መለሰልኝ፦ እኛ ቆዳውን «ሳሜ» ነው የምንለው፤ መዝገበ ቃላት ስናይ ሳሜ ማለት ሻርክ ነው፤ ስለዚህ ሻርክ ብለን ጻፍን። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጎራዴ እጀታ የሚለብሰው ቆዳ ግን ከሻርክ አይደለም፤ ሬይ ከሚባለው፣ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ከሆነው የባሕር ዓሣ ነው። በጃፓንኛ ስሙ ከጥንት ጀምሮ ሳሜ ተብሎ ስለቀረ ነው እንጂ። ከሬይም ቢሆን በሳይቲስ ዝርዝር የገቡ አሉ፤ ማንታ ሬይ አንዱ ነው። ለእጀታ ሲሠራበት የኖረው ግን ሌላ ነው።

ይህን በወሬ ማስረዳት አይቻልም፤ ማሳየት ያስፈልጋል። የጥርስ ሐኪሙ የሚያውቃቸው አንድ የጎራዴ ገማች ነበሩ። ፈቃድ ጠይቀን አብረን መጋዘን ገባን። ሽማግሌው ጓንት አደረጉ፤ ከኪሳቸው ትንሽ የነሐስ መዶሻ አውጥተው በእጀታው ጎን ያለችውን የቀርከሃ ችንካር ቀስ አድርገው ገፏት። ክብሪት እንጨት የምታህል ነገር ናት፤ ያንን ሁሉ ብረት ከእጀታው ጋር የያዘችው እሷ ብቻ ናት። እጀታው ተንሸራቶ ወጣ። ጥቁሩ የሐር ጥብጣብ በተጠላለፈበት መካከል በሚቀሩት ክፍት ቦታዎች ነጩ ቆዳ ይታያል። ዳጉሳ የሚያህሉ፣ ክብ ክብ፣ እንደ ዕንቁ የጠነከሩ ፍሬዎች ሞልተውታል። ወደ እጀታው ጫፍ ደግሞ ምስር የሚያክሉ ሦስት አራት ትልልቅ ፍሬዎች ተደርድረዋል።

«እነዚህ የሬይ የጀርባ መስመር ናቸው» አሉ ሽማግሌው። «ሻርክ ቢሆን እንደ ብርጭቆ ወረቀት በአንድ ወገን የሚቧጥጥ ደቃቅ ነገር ነበር የምታዪው።»

ተቆጣጣሪዋ በአጉሊ መነጽር አየች፣ ፎቶ አነሳች። እፎይ ልል ስል ጣቷን የአፎቱ አፍ ላይ ወዳለው ጥቁር ቀለበት ዘረጋች። «ይህስ?» እኔ ቀለም የተቀባ እንጨት መስሎኝ ነበር። ቀንድ ነው። ደግነቱ የውሃ ጎሽ ቀንድ ነው፤ ሕጉ ለማዳ እንስሳ አድርጎ ስለሚቆጥረው ቅጹ አያስፈልገውም። እዚያ ቦታ የዝሆን ጥርስ ቢሆን ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር የምጽፈው። ጥርሱ ከ100 ዓመት በላይ መሆኑን፣ ከታኅሣሥ 28 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተከለከለ እንስሳ ውጤት አለመጠገኑን አስመስክረን፣ ማስገባቱ ቢፈቀድልን እንኳ ለዚህ በተለዩት ወደቦች በኩል ብቻ ነበር የምናስገባው። አገሬ በ2015 እ.ኤ.አ. ጉለሌ ላይ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ ስታቃጥል ዜናውን በቴሌቪዥን ያየሁ ሰው ነኝ። ጉዳዩ ዲክላራሲዮን ከሚሞላ ሰው ጋር የሚገናኝ ግን አልመሰለኝም ነበር።

ገማቹ የፈረሙበት የምስክርነት ቃል፣ ነጋዴው ያረመው ኢንቮይስና ሳይንሳዊ ስሙ የገባበት 3-177 ተያይዘው ቀረቡ። ሳጥኑ በ26ኛው ቀን ወጣ። ለድርጅታችን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰ፤ የመጋዘኑን ኪራይም ጋሼ ከኪሳቸው ከፈሉ፤ ከደመወዜ እንዳልቆረጡ እያወቅኩ እስከ ዛሬ አንገቴን እደፋለሁ። የጥርስ ሐኪሙ ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ ስለቱን በባዶ እጅ የነካው ሰው አለ? የጣት ላብ ያዝገዋልና።

ባለፈው ወር አንድ አባት ከዴንቨር ደወሉ። አዲስ አበባ እህታቸው ቤት ያለውን የአባታቸውን ጎራዴ ማስመጣት ይፈልጋሉ። ስለ ስለቱ ብዙ ነገሩኝ፤ አንበሳ የተቀረጸበት ነው፣ ማይጨው ዘምቷል። እኔ ጨርሰው እስኪሉ ጠበቅኩ።

«እጀታው ከምንድን ነው አባቴ?»

«ቀንድ ነው ልጄ። ጥቁር፣ የሚያምር ቀንድ።»

«የምን ቀንድ?»

ትንሽ ዝም አሉ። «የበሬ ይመስለኛል። አይ፣ አባታችን የአውራሪስ ነው ይሉ ነበር። ምነው፣ ችግር አለው?»

ወንበሬን ሳብኩና ተቀመጥኩ። የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ገና አላነሳሁም፤ ከአውራሪሱ ጀመርኩ።