የዶሮ ወጥ አጥንትና የፈረንጅ ውሻ

አሜሪካ ውስጥ ልጆች ለምነው ውሻ በገባበት የሐበሻ ቤት አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በበዓል ማግስት ነው፤ የዶሮ ወጡ አጥንት ተጠራቅሞ ይሰጠዋል። «አገር ቤት ውሻ አጥንት በልቶ አይደል እንዴ የሚያድገው?» ይባላል። እዚያ የሞተውን ማን መርምሮት? የበሰለ አጥንት ሲሰበር ይሾላል፤ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ቁሌቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ከበላ ደሙ ሊጎዳ ይችላል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 150 ግራም፣ ማለትም አንድ ትልቅ ራስ ሽንኩርት ይበቃል። ድካሙ፣ የድዱ መንጣትና የሽንቱ መጥቆር የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ከወጡ ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው።

ታሽጎ የሚሸጥ አጥንትም አያስተማምንም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ኤፍዲኤ፣ በ2017 የደረቁና በጭስ የታጠኑ የውሻ አጥንቶችን በተመለከተ ሲያስጠነቅቅ 68 ያህል ሪፖርት ደርሶት ነበር፤ 15 ያህል ውሾች መሞታቸውም ተነግሮታል።

ለውሻው የሚያኝከው ነገር ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ ዕቃውን በአውራ ጣት ጥፍር ጫን በሉት። ካልሰረጎደ ለጥርስ ከባድ ነው። የአጋዘን ቀንድ፣ ሰኮናና ቅልጥም በዚህ ይወድቃሉ። ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው የላይኛው ትልቁ የጎን ጥርስ ሲሆን፣ የሚነቀለው ውሻው ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ነው፤ ሂሳቡን አስቡት። ያክ ከሚባለው የሂማላያ ከብት ወተት የሚሠራው ደረቅ አይብም ለብዙ ውሻ ከባድ ነው። የተረፈችውን ቁራጭ ግን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማይክሮዌቭ ውስጥ እስክትነፋ ድረስ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ማቆየት ይቻላል፤ በደንብ ሳትቀዘቅዝ እንዳትሰጡት፣ ውስጧ ያቃጥላል።

ሮሃይድ የሚባለው የደረቀ የከብት ቆዳ ርካሽ ነው፤ ሆድ ውስጥ ግን ውሃ ስቦ ያብጣል፣ ቶሎ አይፈጭም። ኤክስሬይ ላይም በደንብ ስለማይታይ ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ ማሸጊያውንና የተረፈውን ቁራጭ ያዙ።

ቡሊ ስቲክ ከዚህ ይሻላል፤ ይፈጫል። የደረቀ የበሬ ብልት ነው፣ እንግዳ ከጠየቀ «ሥጋ ነው» ማለት ይበቃል። ከውሻው አፍ በደንብ የሚረዝመውን ግዙ። የሚያንቀው የመጨረሻዋ ቁራጭ ናት፤ የአውራ ጣት ያህል ስትቀር ውሰዱበት። ከአፉ ለመንጠቅ ከሞከራችሁ እንዳይቀማ ብሎ ይውጣታል፤ ሥጋ ቢጤ አሳይታችሁ ለውጡት። ኪሎው እንዳይጨምር እንዲህ ያለው መክሰስ ሁሉ ተደምሮ ከዕለት ካሎሪው ከ10 በመቶ አይለፍ።

የአሳማ ጆሮ ሐበሻ ቤት ብዙም አይገባም፤ በ2019 ከእሱ ጋር በተያያዘ ሳልሞኔላ በሚባል ባክቴሪያ በ34 የአሜሪካ ግዛቶች ከ150 በላይ ሰዎች ታመዋል። የከብት ጆሮም ቢሆን ከነኩ በኋላ በተለይ ልጆች እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ሳያኝክ ለሚውጥ ውሻ ግን ከእነዚህ አንዱንም አትስጡት። ውስጡ ክፍት የሆነ ጠንካራ የላስቲክ መጫወቻ ገዝታችሁ፣ ደረቅ ምግቡን በውሃ አርሳችሁ ሙሉበትና ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። የኦቾሎኒ ቅቤ ከጨመራችሁ ዛይሊቶል እንደሌለበት አንብቡ፤ ይህ ማጣፈጫ ለውሻ መርዝ ነው።

ትልቅ ቁራጭ ከዋጠ በኋላ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ አፉን በእግሩ ከቧጠጠ ወይም ካማጠና ካልወጣለት ማታም ቢሆን ድንገተኛ ክሊኒክ ውሰዱት። ሐኪም ሳያዝ ጨው ወይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አጠጥታችሁ አታስመልሱት፤ ሹል ነገር ከሆነ ሲመለስ ጉሮሮውን ይቀድዳል።