ቢኮን የት ይሰቀል?

ዛሬ ጅማ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ የብሉቱዝ ቢኮን (ስልክ ሕንፃ ውስጥ የት እንዳለ እንዲያውቅ መለያውን በሬዲዮ ሞገድ የሚያሰራጭ ትንሽ መሣሪያ) ሲገጠም ዋለ። ለዚህ ሥራ ለምታስቡ የሚጠቅም ነገር ልጻፍ።

ከሁሉ በፊት ከፍታው። በደረት ልክ የተለጠፈ ቢኮን ሰው በበዛ ቁጥር ይታፈናል፤ ብሉቱዝ የሚጠቀምበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ውሃ ስለሚውጠው የሰው ገላ ራሱ ግድግዳ ነው። ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ከፍ አድርጉት፣ ከብረት በርና ከቆርቆሮ አርቁት። የቡና መጋዘን ከሆነማ በጆንያው ክምር መካከል ባለው መተላለፊያ ላይ ስቀሉት እንጂ ከክምሩ ጀርባ አትወሽቁት።

ዋናው ራስ ምታት ደረጃው ነው። ሲግናሉ በክፍቱ ቦታ ሽቅብ ስለሚወጣ ስልኩ አንደኛ ፎቅ ያለውን ሰው ሁለተኛ ላይ ያደርገዋል። እዚያ አካባቢ የማሰራጫ ኃይሉን ከ0 ወደ -12 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ) ዝቅ አድርጉና በየፎቁ የደረጃ መግቢያ አንድ አንድ ጨምሩ። ኃይሉ ሲቀየር ታዲያ ከቢኮኑ 1 ሜትር ርቀት ላይ ያለውን የሲግናል ጥንካሬ እንደገና ለክታችሁ አስገቡ፤ አለዚያ ስልኩ የሚያሰላው ርቀት ሁሉ ይዛባል።

ቢኮኑ የሚያሰራጨው መለያ ሦስት ክፍል አለው፦ ዩዩአይዲው ለሁሉም አንድ ይሁን፣ ሜጀር የሚባለው ቁጥር ለፎቁ፣ ማይነር የሚባለው ለቦታው። እያንዳንዱን ከነፎቶው መዝግቡ፤ ቀለም ቀቢ መጥቶ ሁለቱን ነቅሎ አቀያይሮ ሊመልሳቸው ይችላል፣ ሲስተሙም ምንም ስህተት አያሳይም።

በየ100 ሚሊሰከንዱ የሚያሰራጭ ቢኮን ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል። ስልክ ላይ ማሳወቂያ ለመላክ ብቻ ከሆነ በየ500 ማሰራጨቱ ይበቃል፣ መንገድ ለመምራት ግን ይዘገያል።

ደንበኛው ሲወጣ ስልኩ ላይ በሚላክ የስንብት መልእክት አትመኩ። አይፎን ሰው ቢኮኑ ከሚደርስበት ክልል መውጣቱን የሚያረጋግጠው እስከ ግማሽ ደቂቃ ዘግይቶ ስለሆነ ደንበኛው ባጃጅ ከያዘ በኋላ ነው የሚደርሰው።