እሬትና ዋግ በሰሜን ሸዋ መንገድ

በጥቅምት አጋማሽ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ እነዋሪ የተጓዝሁት የስንዴ ማሳ ለማየት ነበር። ሆኖም ደብረ ብርሃን ከመድረሳችን በፊት በድንጋያማው ግጦሽ ላይ የበቀለውን እሬት ስላየሁ፣ ሾፌሩ ለጥቂት ጊዜ እንዲያቆምልኝ ለመንሁት። ይህ ዝርያ በሳይንሳዊ ስሙ አሎ ደብራና ሲባል፣ ስሙን ያገኘው ከዚችው ከተማ ነው። እሬት ውኃን በወፍራም ቅጠሉ ያጠራቅማል፤ ቀን የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ዘግቶ ይውልና ሌሊት ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ የሳበውንም በአሲድ መልክ አቆይቶ ሲነጋ በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራበታል።

እነዋሪ አካባቢ ያገኘኋቸው አረጋዊ ገበሬ «ና ልጄ፣ ዋግ የመታውን ላሳይህ» ብለው ወደ ማሳው ዳር ወሰዱኝ። በስንዴው ቅጠል ላይ የተሰለፈው ቢጫ ብናኝ ስነካው ጣቴን አቀለመው። ይህ ፈንገስ እንደ እሬት የሚያጠራቅመው ነገር የለውም፤ ሀብቱ ነፋስ ከአገር አገር የሚወስደው ብናኙ ነው። ብናኙ ቅዝቃዜና ለጥቂት ሰዓታት የረጠበ ቅጠል ሲያገኝ ይበቅላል፣ በቅጠሉ ቀዳዳም ይገባል፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ደግሞ አዲስ ብናኝ ያወጣል። እሬት የሚተነፍስበት ዓይነት ቀዳዳ ለዋግ በር መሆኑ በጣም አስገረመኝ። በእኔ ግምት ግን ከሁለቱ ደካማው ዋጉ ነው፤ ምግቡን የሚያገኘው ከሕያው ተክል ብቻ ስለሆነ፣ ቅጠሉ ሲደርቅ የእርሱም ምግብ ያበቃል። እሬት በአንጻሩ ከማንም ሳይለምን በጋውን ይሻገራል። (እርሱም ቢሆን ከዋግ አላመለጠም፤ ዩሮማይሰስ አሎይስ የተባለው ዋግ በእሬት ቅጠል ላይ ክብ ክብ ቡናማ ቁስል ያወጣል።)

ደካማ ነው ማለቴ ግን ጉዳቱን አያሳንሰውም። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ በአገራችን ሲዛመት፣ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ቁብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ ክፉኛ አጥቅቶታል። ገበሬው ማሳቸውን በየማለዳው እየዞሩ፣ ቢጫው እንደታየ መድኃኒት እንደሚረጩ ነገሩኝ። ከመንገዱ ማዶ ግን ርጭቱ የዘገየበት ማሳ ነበር፤ አንድ ዛላ ፈልፍለው ሲያሳዩኝ ፍሬው ኮስምኗል።